ፎቶግራፍና አኃዝ፤ ሕዝብን የማሳመን ኃይላቸውና ኃላፊነታቸው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ ከሚያቆመው ድልድይ ይልቅ የሚያቀርበው የማስረጃ ጽሑፍ ይበዛል። ጕድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ጕድጓዱ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት ውሃው ለማን እንደሚደርስ፣ መንገድ ከመጠረጉ በፊት መንገዱ የማንን ኑሮ እንደሚለውጥ ለወሳኞች ማስረዳት ግዴታው ነው። ብዙ መልካም ጥናት በመሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ የሚቀረው ስሌቱ ስለተሳሳተ ሳይሆን አድማጩን ሳያሳምን ስለቀረ መሆኑ ለዚህ ጉባኤ የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ርእስ ለባለሙያው ባዕድ ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ይህ ነው፤ ፎቶግራፍና አኃዝ ሰዎችን አሳምነው ለኅብረተሰብ ለውጥ የሚያነሣሡት እንዴት ነው? የሚሳካላቸው መቼ ነው? የሚያሳስቱትስ መቼ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት ሦስት ታሪኮች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ። የመጀመሪያው የአኃዝ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የፎቶግራፍ ነው፤ ሦስተኛው በኢትዮጵያ የደረሰና ሁለቱ ተለያይተው ሲቀሩ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍሉ የሚያሳይ ነው።

አንደኛ፤ ቀለም የለበሰ አኃዝ

በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1856 ባሉት ዓመታት፣ የእንግሊዝ ሠራዊት ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ዘምቶ ነበር። ከዘመቱት ወታደሮች መካከል በውጊያና በቁስል ያለቁት 5,000 የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በኮሌራ፣ በተቅማጥና በተስቦ ያለቁት ግን ከ16,000 በላይ ነበሩ። ዋናው ሆስፒታል ከቁስጥንጥንያ ማዶ በስኩታሪ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1855 በዚያ ከሚታከሙት መካከል የሟቾቹ መጠን ከመቶ 42 ደርሶ ነበር። በማርች ወር ከለንደን የተላከ የንጽሕና መርማሪ ቡድን ደረሰ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ሮበርት ሮውሊንሰን የተባለ ሲቪል መሐንዲስ ነበር። ቡድኑ የተደፈነውን የፍሳሽ ቦይ አስጠረገ፤ የውሃውን መስመር አስጸዳ፤ ንጹሕ አየር የሚገባበትን መንገድ አስከፈተ። በጁን ወር የሟቾቹ መጠን ከመቶ ወደ 2 ያህል ወረደ።

ይህ ሁሉ በመዝገብ የሰፈረ ነበር። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ማንንም አላሳመነም። የጦሩ ሹማምንት የወታደር ሞት የጦርነት ባሕርይ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በስኩታሪ የነርሶች ኃላፊ የነበረችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ወደ ሀገርዋ ከተመለሰች በኋላ ከስታትስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር ሆና መዝገቡን መረመረች። እ.ኤ.አ. በ1858 ያሳተመችው ሥዕላዊ መግለጫም ዝነኛ ሆነ። ሥዕሉ ክብ ሲሆን በ12 ወራት የተከፈለ ነው። በየወሩ በመከላከል ሊቀሩ በሚችሉ በሽታዎች የሞቱት በሰማያዊ፣ በቁስል የሞቱት በቀይ፣ በሌላ ምክንያት የሞቱት በጥቁር ቀለም ተመልክተዋል። የሥዕሉን ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሚኒስትር እንኳ ቢሆን፣ ሰማያዊው ቀዩን ውጦት ሲያይ ወታደሩን የገደለው ጠላት ሳይሆን ቆሻሻ መሆኑን ሳይረዳ አይቀርም።

እዚህ ላይ ለባለሙያ ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ነገር አለ። ናይቲንጌል መጀመሪያ ባዘጋጀችው ሥዕል የሟቾቹ ብዛት የሚለካው ከክቡ መካከል በሚነሣው መስመር ርዝመት ነበር። ነገር ግን ተመልካች የሚያየው ርዝመትን ሳይሆን ስፋትን ነው። ርዝመቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናልና ሥዕሉ ከእውነቱ አብልጦ ይናገር ነበር። ናይቲንጌል ግን ግነቱ ለዓላማዋ ይጠቅማል ብላ ዝም አላለችም። ሥዕሉን ለውጣ፣ ብዛቱ በስፋቱ እንዲለካ አደረገች። ዓላማው ቅዱስ ቢሆንም መስፈሪያው መታመም የለበትም ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ማነጻጸር ነው። ናይቲንጌል በጦርነት ጊዜ ስላለቁት ብቻ ብትናገር ኖሮ፣ ጦርነቱ አልፏል የሚል መልስ ይሰጣት ነበር። እርስዋ ግን በሰላም ጊዜ በእንግሊዝ የጦር ሰፈሮች የሚኖሩ ወጣት ወታደሮች፣ በዕድሜ ከሚመስሏቸው ሲቪሎች ጋር ሲነጻጸሩ የሚሞቱት በእጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳየች። ተመርጦ የተመለመለ ጤነኛ ወጣት ከተራው ሕዝብ ይልቅ የሚሞት ከሆነ ጥፋቱ የወጣቱ ሳይሆን የቤቱ ነው። ጉዳዩን የሚያጣራ የመንግሥት ኮሚሽንም ተቋቁሞ ነበር፤ በጦር ሰፈሮችም የአየር፣ የውሃና የፍሳሽ አሠራር እየተሻሻለ ሄደ።

ሁለተኛ፤ መግለጫ ያለው ፎቶግራፍ

እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆነ ወደ 1,750,000 ያህል ልጆች በሥራ ላይ እንደተሰማሩ መዘገበ። አኃዙ በመንግሥት የታተመ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ነበር። ሆኖም አንባቢው ልጅ ሠራተኛ ሲባል በአባቱ እርሻ ላይ ከብት የሚጠብቅ ጤነኛ ልጅ ይታየው ስለነበረ በአኃዙ አልተሸበረም። አኃዙ እውነት ቢሆንም በአንባቢው ልብ ውስጥ የነበረው ሥዕል ሌላ ነበር።

ይህን ሥዕል ለመለወጥ የተነሣው ሉዊስ ሃይን ነው። ሃይን በኒውዮርክ መምህር ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው ብሔራዊ የሕፃናት ሥራ ኮሚቴ በ1908 ፎቶግራፍ አንሺ አድርጎ ቀጠረው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ጥጥ መፍተያዎች፣ ወደ ጠርሙስ ፋብሪካዎችና ወደ ከሰል ድንጋይ ማዕድኖች እየተዘዋወረ በሺህ የሚቈጠሩ ፎቶግራፎች አነሣ። ባለ ፋብሪካዎቹ በር ስለሚዘጉበት አንዳንድ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መኪና ብቻ ፎቶግራፍ ለማንሣት የመጣ ባለሙያ መስሎ ይገባ ነበር። አንድን ልጅ ከመፍተያው መኪና አጠገብ የሚያቆመው የመኪናውን ትልቅነት ለማሳየት እንደሆነ ያስመስላል፤ በእርግጥ የሚያሳየው ግን የልጁን ትንሽነት ነው።

የሃይን ሥራ ከሌሎች የሚለየው ግን በዚህ ብልሃት ብቻ አይደለም። የካቦርቱን ቁልፎች ከመሬት ያላቸውን ከፍታ አስቀድሞ ለክቶ ያውቅ ስለነበረ፣ ልጁ በአጠገቡ ሲቆም ቁመቱን በቁልፎቹ ይገምታል። በኪሱ ውስጥ በደበቀው ማስታወሻ ላይ የልጁን ዕድሜ፣ ቁመት፣ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ፣ ቦታውንና ቀኑን ይጽፋል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ መግለጫ ነበረው፤ መግለጫውም በቁጥር የተሞላ ነበር። ፎቶግራፉ ውሸት ነው የሚል ሰው ቢነሣ ማስታወሻው ይመልስለታል። ማስታወሻው ደረቅ ነው የሚል ቢነሣ ፎቶግራፉ ይመልስለታል። መሐንዲስ የመስክ መዝገቡን የሚይዘው በዚህ ሥርዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

ኮሚቴው ፎቶግራፎቹን በመጽሔት፣ በግድግዳ ማስታወቂያና በዐውደ ርእይ እያሳየ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። እ.ኤ.አ. በ1912 የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1916 የሕፃናትን ሥራ የሚገድብ ሕግ ወጣ። ነገር ግን በ1918 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ዳኛ ድምፅ ብልጫ ሕጉን ሻረው። ጸንቶ የቆየው ሕግ የወጣው በ1938፣ ሃይን ሥራውን ከጀመረ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ሰው በአንድ ቀን ይታመን ይሆናል፤ ሕግና ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለወጡም።

ሦስተኛ፤ ሁለቱ ሲለያዩ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በአካባቢው የደረሰው ረኀብ መጀመሪያ የተሸፈነ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዳንዶቹ ወደ ስፍራው ሄደው ፎቶግራፎች ይዘው በመመለስ በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪውም ተቀሰቀሰ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ የተደበቀውም ለዓለም ተገለጠ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዕለተ እንቍጣጣሽ ምሽት፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ትዕይንቶች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በመጀመሪያው ፊልም ረኀቡ የእርዳታ ጥሪ ነበር። በሁለተኛው ከድግሱ ጎን ሲቆም ክስ ሆነ። የተራበው ሰው ፊት አንድ ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ይህም ፎቶግራፍ ብቻውን ዐረፍተ ነገር እንዳልሆነ፣ ትርጕሙን የሚሰጠው አጠገቡ የሚቀመጠው ነገር እንደሆነ ያስተምራል። ፍርዱ ትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው የታሪክ ሊቃውንት ጉዳይ ነው። ለዚህ ንግግር የሚበቃው ግን ይህ ነው፤ በዚያ ረኀብ ያለቁት ሰዎች እስከ ዛሬ በግምት እንጂ በቆጠራ አይታወቁም፤ ግምቶቹም ከ40,000 እስከ 200,000 ይራራቃሉ። ምስሉ መንግሥት ለመለወጥ በቃ፤ ለሟቾቹ ግን ቁጥር እንኳ አላስገኘላቸውም።

ዐሥር ዓመት አለፈ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረኀብ እንደተጋለጠ በመግለጽ ለለጋሽ ሀገሮች ጥሪ አቀረበ። አኃዙ ግልጽ ነበር፤ የሚፈለገው እህል በቶን ተሰልቶ ነበር። የተገኘው ምላሽ ግን ከጥያቄው እጅግ ያነሰ ሆነ። በሀገር ውስጥም በረኀብ ምስል ሥልጣን የያዘው መንግሥት፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር ያንኑ ዓይነት ምስል ከሕዝብ ዐይን ያርቅ ነበር። የምስልን ኃይል ጠንቅቆ ያወቀ፣ ምስልን ጠንቅቆ ይፈራል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ካሜራ አንሺው መሐመድ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ በኮረም ያዩት በቢቢሲ ታየ። በሰባት ወር ገደማ ውስጥ ቶኑና ሚሊዮኑ ያላደረጉትን፣ ጥቂት ደቂቃዎች የቈየ ፊልም በአንድ ሳምንት አደረገው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የዚሁ ፍሬ ነው። የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል፤ ይህ ሊካድ አይገባውም።

ነገር ግን ሌላም ዋጋ ተከፍሏል። ካሜራው የደረቀውን መሬትና የከሳውን ገላ ሲያሳይ፣ በትግራይና በኤርትራ የሚካሄደውን ጦርነት፣ የእህል ገበያውንና የመንገዱን ሁኔታ በዚያው መጠን አላሳየም። ተመልካቹም ረኀቡ ከሰማይ የወረደ ብቻ መሰለው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ ያ ምስል ከችግሩ ማለፍ በኋላም ከሀገሪቱ ስም ጋር ተጣብቆ ቀረ። በውጭ ሀገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስለ ሀገሩ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚመልሰው ስለ ረኀብ የሆነበት ዘመን ረጅም ነበር። የአውሮፓ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ሦስተኛው ዓለም የሚያሰራጩት ምስልና መልእክት የሰውን ክብር የጠበቀ እንዲሆን የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አራተኛ፤ ለምን ሁለቱም?

ከዚህ የተነሣ ፎቶግራፍና አኃዝ አንድ ላይ ይቅረቡ ማለት ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁንና ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስሞል፣ ሎወንስታይንና ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች የታተመላቸው ጥናት ይህን ያመለክታል። ለተሳታፊዎቹ ከተሰጣቸው 5 ዶላር ውስጥ የፈለጉትን ያህል እንዲለግሱ ተጠየቁ። ለአንደኛው ወገን የአንዲት የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ፎቶግራፍና ታሪክ ቀረበ። ለሁለተኛው ወገን አኃዝ ብቻ ቀረበ፤ ከአኃዞቹም አንዱ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ነበር። ለሦስተኛው ወገን ልጅቱም አኃዙም አብረው ቀረቡ። ልጅቱን ብቻ ያዩት በአማካይ 2.38 ዶላር፣ አኃዙን ብቻ ያነበቡት 1.14 ዶላር፣ ሁለቱንም ያገኙት 1.43 ዶላር ሰጡ። አኃዙ ሲጨመር ልግስናው ጨመረ ሳይሆን ቀነሰ።

ይህን የሰማ ሰው፣ እንግዲያስ አኃዙን ትተን በአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ ብቻ እንለምን ሊል ይችላል። ምጽዋት ለመሰብሰብ ብቻ ከሆነ ሐሳቡ ያስኬድ ይሆናል። የኅብረተሰብ ለውጥ ግን ምጽዋት አይደለም። የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ የአንዲት ልጅን ጥማት ያሳያል እንጂ ቧንቧው ስንት ኢንች መሆን እንዳለበት አይናገርም። ለአንዲት ልጅ አንድ እንስራ ውሃ ይበቃል፤ ለ5,000 ነዋሪ ግን ማጠራቀሚያ፣ የኃይል ምንጭ፣ የጥገና በጀትና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ በጎ ፈቃድን ያስነሣል፤ አኃዝ የቧንቧውን ስፋት ይወስናል። ያለ መጀመሪያው ማንም አይነሣም፤ ያለ ሁለተኛው የተነሣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ስለሆነም ትክክለኛው አካሄድ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ መቈለል ሳይሆን፣ ሃይን እንዳደረገው አንዱን የሌላው ምስክር ማድረግ ነው። በፎቶግራፉ የሚታየው ሰው በአኃዙ ውስጥ የሚቈጠር ሰው መሆን አለበት። በአኃዙ የተነገረው ችግር በፎቶግራፉ ላይ በዐይን የሚታይ መሆን አለበት።

አምስተኛ፤ የባለሙያው ግዴታ

ከላይ ከተዘረዘሩት ታሪኮች ለባለሙያ የሚተርፉት ግዴታዎች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው፣ ላዕሉን ያለ ታሕቱ አለመናገር ነው። ይህን ያህል ሰው ታመመ ማለት፣ ከስንት ሰው መካከል እንደታመመ ካልተነገረ ጩኸት እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሕዝቡም ቁጥር ወደ 42.6 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ስለ ድርቅም ሆነ ስለ በሽታ የተነገረው አኃዝ ሁሉ የተካፈለው ለግምት ነበር። ቆጠራን እንደ ቢሮ ሥራ ብቻ የሚያይ ባለሙያ ካለ ይህን ያስታውስ።

ሁለተኛው፣ መስፈሪያን አለማጭበርበር ነው። በግራፍ ላይ ቁመቱ ከዜሮ የማይጀምር ዐምድ ትንሹን ልዩነት ተራራ ያደርገዋል። ከብዙ ዓመታት መካከል የከፋውን ዓመት ብቻ መርጦ መነሻ ማድረግም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው ግራፍ ለጊዜው ያሳምናል፤ ነገር ግን «በሬ ሆይ፣ ሣሩን ዐይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይደርሳል። ማጭበርበሩ አንድ ቀን ሲገለጥ የሚወድቀው ግራፉ ብቻ ሳይሆን በግራፉ የተደገፈው እውነተኛ ችግር ጭምር ነውና።

ሦስተኛው፣ የሚታየውን ሰው ማክበር ነው። ከመጸዳጃ እጦት የተነሣ የምትቸገር እናት ፎቶግራፍ በጉባኤ ላይ ከመታየቱ በፊት፣ እናቲቱ የት እንደሚታይና ለምን እንደሚታይ አውቃ መፍቀድ ይገባታል። ልጆችዋ ነገ ያንን ፎቶግራፍ ሲያዩ ሊያፍሩበት ነው ወይስ ሊኮሩበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ተፈትኖ የሚያልፍ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሲሠራ፣ ሲቈፍር፣ ሲመካከር የሚያሳይ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ እንባ ላያስፈስስ ይችላል። ባለ ጉዳዩ የራሱ ለውጥ ባለቤት መሆኑን ግን ይመሰክራል።

አራተኛው፣ መፍትሔውን አብሮ ማሳየት ነው። የናይቲንጌል ሥዕል ኃይሉ የሞቱን ብዛት በማሳየቱ ብቻ አልነበረም፤ የፍሳሹ ቦይ ከተጠረገ በኋላ ሰማያዊው ቀለም እየጠበበ ሲሄድ በማሳየቱም ነው። ችግር ብቻ የሚታይበት ምስል ተመልካቹን ያሳዝነውና ያደክመዋል፤ ችግሩ ሲቀንስ የሚያሳይ ምስል ግን ኃላፊነት ያሸክመዋል። ይህን ማድረግ ይቻል ከነበረ ለምን አልተደረገም የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ማምለጫ የለውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

እነዚህን ግዴታዎች የሚጠብቅ ባለሙያ ከማይጠብቀው ይልቅ ቀስ ብሎ ሊያሳምን ይችላል። የተጋነነ ግራፍ በፍጥነት ያስጨበጭባል፤ የሚያስለቅስ ፎቶግራፍ በፍጥነት ገንዘብ ያስገኛል። የታመነ ማስረጃ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አቅራቢውም ፍሬውን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ሉዊስ ሃይን ከሕፃናቱ ፎቶግራፍ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ሲሠራ በብረት ዐምዶች ላይ የሚንጠለጠሉትን ሠራተኞች ፎቶግራፍ አንሥቷል። ስለዚህ ለሕንፃ ባለሙያዎች የሚተርፍ ውለታ አለው። በመጨረሻ ዘመኑ ግን ሥራ አጥቶ፣ ቤቱን ተነጥቆ፣ በድህነት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 3 ቀን 1940 ዐረፈ። ልክ በሦስተኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1941፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1938ቱን ሕግ በሙሉ ድምፅ አጸና፤ የ1918ቱንም ፍርድ ሻረ። ሃይን ፎቶግራፎቹን በማስታወሻ የደገፈበት ጥንቃቄ ከሕንፃ ይልቅ ከፍ ያለ ሐውልት ይሆነዋል። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የባለሙያ ጥናትም ሁሉ፣ ቀኑ ሲደርስ በዚህ መስፈሪያ ይመዘናል።